ከቲቢ ሕክምና በኋላ ወደ ሥራ ተመለስኩ፤ ሲኒዬን ለይተው መስኮቱን ዘጉት

ሒሳብ ክፍል (ጥያቄ አቅራቢ)

በአዲስ አበባ በአንድ የግል አስመጪ ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኝነት ከተቀጠርኩ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ክረምት፣ ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ፣ የማይለቅ ሳል ያዘኝ። ጉንፋን ነው ብዬ ዝንጅብል በማር ስጠጣ፣ ከዚያም ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ እየገዛሁ ስወስድ ነሐሴ አለፈ። ሌሊት ልብሴ እስኪርስ ያልበኝ ጀመር፤ ቀሚሶቼ ሁሉ ሰፉኝ። መስከረም አጋማሽ ላይ በሰፈሬ ጤና ጣቢያ አክታ ሰጥቼ የሳንባ ቲቢ መሆኑ ተነገረኝ፤ በማግስቱም መድኃኒት ጀመርኩ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በሕመም ፈቃድ ቤቴ ቆየሁ። አራት መድኃኒቶች በአንድ ላይ የተቀመሙበትን ክኒን በየጠዋቱ በባዶ ሆዴ ወስጄ ጨረስኩ፤ በሁለተኛው ወር መጨረሻ የተደረገልኝ የአክታ ምርመራም ከባክቴሪያው ነፃ መሆኔን አሳየ። ባለሙያዋ ሁለት መድኃኒት ብቻ ወዳለበት፣ አራት ወር ወደሚወሰደው ክኒን አሸጋግራኝ፣ ሥራ መጀመር እንደምችል የሚገልጽ ወረቀት ጽፋ፣ ማኅተም አድርጋ ሰጠችኝ። ኅዳር 14 ቀን ወደ ቢሮዬ ተመለስኩ። ኅዳር ከታጠነ ሁለት ቀን ብቻ ስለነበር የከተማው ጭስ ገና ከአየሩ አልጠፋም ነበር፤ በ1911 ዓ.ም. ሕዝብ የፈጀውን የኅዳር በሽታ ለማባረር ተጀመረ የሚባለውን ያን ጭስ የዘንድሮውን ለእኔ ብለው ያጨሱት እስኪመስለኝ ድረስ በሰዎቹ ፊት ላይ የነበረውን ነገር አነበብኩ።

በአንድ ክፍል አራት ሰዎች ነን። ቀድሞ ምሳ ዕቃችንን አጋጥመን፣ በአንድ ትሪ ላይ ገልብጠን ነበር የምንበላው። በተመለስኩበት ቀን ሦስቱም «ዛሬ ውጭ እንበላለን» ብለው ወጡ፤ በማግስቱም እንዲሁ። ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ ሲኒ ይቀርብልኛል፤ ነገር ግን በሦስተኛው ቀን ሲኒውን ገልብጬ ሳየው ከሥሩ በቀይ የጥፍር ቀለም አንዲት ነጥብ ተደርጎበታል። የሌሎቹን አንድ በአንድ አነሣሁ፤ ነጥብ ያለው የእኔ ብቻ ነው። ማን እንዳደረገው አልጠየቅሁም። ቡናውን ጠጣሁት፤ ቡና መሆኑን ግን አላጣጣምኩትም።

ወሬው እንዴት እንደተሰማ አውቃለሁ። የሕመም ፈቃድ ወረቀቴ ሳይታሸግ በመዝገብ ቤት በኩል አልፎ ወደ ሰው ሀብት ክፍል ስለሄደ፣ እኔ ከመመለሴ በፊት የበሽታዬ ስም ከጥበቃ እስከ ሥራ አስኪያጅ ደርሶ ነበር።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለእነርሱ አደገኛ አለመሆኔን በምን ያህል እርግጠኝነት ልናገር እችላለሁ? ልጆች ያሏቸው ናቸው፤ ነገሩን ከእነርሱ ወገን ሆኜ ሳስበው እኔም እፈራለሁ። ሁለተኛ፣ ዝም ብዬ ጊዜ ይፍታው ልበል ወይስ ተነሥቼ ልናገር? ከተናገርኩስ ለማን ነው የምናገረው?

የጤና መኮንኑ

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። በአንድ ጤና ጣቢያ የቲቢ ክፍል ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ እርስዎ ያቀረቡትን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማው ስለነበር በዝርዝር ልመልስ።

የሳንባ ቲቢ የሚተላለፈው በአየር ነው። ሕክምና ያልጀመረ ሕመምተኛ ሲያስል፣ ሲያስነጥስ ወይም ጮክ ብሎ ሲናገር የሚወጡት እጅግ ደቃቅ ጠብታዎች በተዘጋ ክፍል አየር ላይ ለሰዓታት ተንሳፍፈው ይቆያሉ፤ ሌላው ሰው የሚያዘው እነዚያን ወደ ሳንባው ሲስብ ነው። ሲኒ፣ ማንኪያ፣ ትሪ፣ ወንበር፣ መጨባበጥ፣ ልብስ በሽታውን አያስተላልፉም። ስለዚህ ሲኒዎን በነጥብ የለየው ሰው የደከመው በከንቱ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ የቢሮአችሁ መስኮት ክፍት ነው ወይስ ዝግ? እኔ በገመትኩት መጠን ዝግ ነው፤ ምክንያቱም እኛ ሰዎች ከቲቢ ይልቅ ንፋስ እንፈራለን። በታክሲ ውስጥ አንዱ መስኮት ሲከፍት ከኋላ «ዝጋው፣ ብርድ ይመታናል» የሚል ድምፅ የማይሰማበት ቀን የለም። የሳንባ በሽታ ራሱ የብርድ ውጤት ነው ብለው የሚያምኑ ብዙ ሕመምተኞች አጋጥመውኛል፤ እነርሱም ሳላቸው በጠናባቸው መጠን በርና መስኮቱን ይደፍናሉ፤ በዚህም የቤተሰቡን አየር ይበክላሉ።

ስለ እርግጠኝነትዎ፣ ባክቴሪያው መድኃኒቱን የሚቋቋም ካልሆነ በስተቀር፣ ሕክምናው በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት የማስተላለፍ አቅም በፍጥነት ይወድቃል። በተለምዶ ሁለት ሳምንት በትክክል የወሰደና ሳሉ እየቀነሰ የመጣ ሰው ወደ ሰው መሃል ሊመለስ ይችላል እንላለን። እርስዎ ሁለት ወር ወስደዋል፣ አክታዎም ነፃ ሆኗል። በዚያ ክፍል ካሉት አራት ሰዎች ሁሉ የሳንባቸው ሁኔታ በምርመራ የታወቀው የእርስዎ ብቻ ነው።

ደስ የማይለውን ክፍል ግን መዝለል አልችልም። አደጋ የነበረው ከሐምሌ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ፣ ዝናብ ስለሚገባ መስኮቱ ተዘግቶ፣ እርስዎም እያሳሉ አብራችሁ በተቀመጣችሁበት ጊዜ ነው። ያኔ በአንድ ትሪ እየበሉ ያልፈሩ ሰዎች አሁን ፈሩ። ፍርሃታቸው ቦታ ይኑረው ከተባለ ቦታው ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር ነው። ባክቴሪያው ቢገባባቸው እንኳ፣ ኤች አይ ቪን የመሰለ አቅም የሚያዳክም ነገር ከሌለባቸው፣ በዕድሜ ዘመናቸው ወደ በሽታ የሚለወጥባቸው ከ100 ሰዎች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ብቻ ናቸው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው ግን ነገ ሳይል አክታውን ይስጥ።

ግንበኛው

እኔ የቀን ሠራተኛ ነኝ፤ የሕመም ፈቃድ የሚባለውን ነገር በስም ነው የማውቀው። እኛ ዘንድ ያልመጣ ሰው ቦታውን ሌላ ይይዝበታል፤ በዚያ ያለቀ ነገር ነው።

በሽታው ሲገኝብኝ ለፎርማኑ ሆዴን ቆርጦኝ አገር ቤት ልታከም እሄዳለሁ ብዬ ሁለት ሳምንት ብቻ ቀረሁ። እዚያው ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ የአገሬ ልጅ ጋር በተከራየነው ክፍል ነበርኩ፤ እርሱም ሳይፈራ ሳይሠቀቅ ሾርባ እየሠራ አስታመመኝ። ከዚያ በኋላ ጤና ጣቢያው ክኒኑን ባለሙያ እያየ በየቀኑ እንድውጥ ስላዘዘኝ፣ በሩ እስኪከፈት ቆሜ፣ ውጬ፣ በሩጫ ወደ ሥራ ቦታ እሄድ ነበር። ፎርማኑ ሰው የሚቆጥረው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ስለሆነ ብዙ ቀን ቆጠራው አልፎኝ ተመልሻለሁ። በኋላ የቲቢ ክፍሏ ሲስተር ችግሬን አይታ፣ ከሌሎቹ በፊት እኔን አስገብታ ታውጠኝ ጀመር። ውለታዋን እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

የሚያስቀው ነገር (አሁን ነው የሚያስቀው) ሽንቴ ነው። መድኃኒቱ ሽንትን እንደ ብርቱካን ጭማቂ እንደሚያቀላው አስቀድመው ነግረውኝ ነበር፤ ሆኖም ግንባታ ቦታ ላይ ሽንት ቤት የሚባለው በቆርቆሮ የተከለለ ሜዳ ስለሆነ አንዱ ባልደረባዬ አይቶ «ደም እየሸናህ ነው!» ብሎ ጮኸ። ቀይ ሥር በልቼ ነው አልኩት። ስድስት ወር ሙሉ ቀይ ሥር የሚወድ ሰው ተብዬ ኖርኩ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ ግን በሽታዬን ደብቄ መድኃኒቴን አገኘሁ፤ ጨረስኩም። እህቴ፣ እርስዎ ስምዎ ወጥቶብዎት ደመወዝዎ ግን አለ፤ እኔ ስሜ አልወጣም፣ ግን የሁለት ሳምንት እንጀራዬ ቀረ። የትኛው እንደሚሻል አላውቅም።

መርፌና ክር

በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የማሽን ኦፕሬተር ሆኜ ስሠራ የደረሰብኝን ልጻፍ፤ ምናልባት ለሌላው ይጠቅም ይሆናል።

ከሁለት ወር ሕክምና በኋላ ወረቀቴን ይዤ ስመለስ የሰው ሀብት ኃላፊው ወረቀቱን አላምንም አለ። በድርጅቱ ወጪ ወደ አንድ የግል ላቦራቶሪ ላኩኝና በጂን ኤክስፐርት ተመረመርኩ። ውጤቱ «ባክቴሪያው ተገኝቷል» የሚል ሆነ። እንደገና ከሥራ ታገድኩ። መድኃኒቱ አልሠራልኝም ብዬ፣ ልሞት ነው ብዬ፣ ለእናቴ እንኳ ሳልናገር ሦስት ሌሊት ሳልተኛ አደርኩ። ጤና ጣቢያ ስሄድ ባለሙያው ወረቀቱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ያ መሣሪያ የሚፈልገው የባክቴሪያውን ዘረ መል በመሆኑ የሞተውንም ከሕያው ሳይለይ እንደሚያሳይ፣ ስለዚህ በሽታውን ለማግኘት እጅግ ጥሩ ቢሆንም በሕክምና ላይ ያለ ሰው መዳኑን ለመከታተል እንደማይውል፣ ለዚያ የሚያገለግለው በማይክሮስኮፕ የሚታየው አክታ ወይም ካልቸር (ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ አሳድጎ የማየት ምርመራ) እንደሆነ አስረዳኝ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነፃ ነበርኩ። ይህንን በደብዳቤ ጽፎ እስኪሰጠኝ፣ ደብዳቤውም በፋብሪካው ውስጥ ከቢሮ ቢሮ እስኪዞር ሌላ አንድ ወር ያለ ደመወዝ ተቀመጥኩ።

ስለዚህ አሠሪ ተጨማሪ ምርመራ ካዘዘባችሁ አስቀድማችሁ የትኛው ምርመራ እንደሆነ ጠይቁ፤ ወደ ላቦራቶሪው ከመሄዳችሁ በፊትም የሚያክማችሁን ባለሙያ አማክሩ።

የሁለት ዓመት ልጅ እናት

ምናልባት በዚህ ውይይት ላይ የሚወቅሰኝ ይበዛ ይሆናል፤ ሆኖም በሌላው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው መናገር አለበት ብዬ አምናለሁ። በእኛ ቢሮም ባለፈው ዓመት አንድ ባልደረባችን ከዚሁ በሽታ ተመልሶ መጣ። በጣም የማከብረው ሰው ነው። እኔ ግን ጡት የምታጠባ ሴት ነበርኩ፤ ማታ ቤት ስገባ ልብሴን በር ላይ አውልቄ፣ እጄን እስከ ክንዴ ታጥቤ ነበር ልጄን የማቅፈው። በማኅበራዊ ኑሯችን አንድ ሰው ሲታመም ሄዶ መጠየቅ እንጂ መራቅ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ እርሱንም አልጠየቅሁትም። በጥላቻ እንዳይመስልብኝ ከሩቅ ፈገግ እለው ነበር፤ አሁን ሳስበው ፈገግታው ሳይብስበት አልቀረም።

የሚያስተምረን አልነበረም። አለቃችን «ዳንኩ ብሏል፤ ወደ ሥራችሁ» ብቻ ነው ያለው። የፈራ ሰው ጥያቄውን የሚያቀርብበት ቦታ ካላገኘ በሹክሹክታ ነው የሚያቀርበው። ልጄ ሲወለድ ክትባቱን ወስዷል፤ ያ አይበቃውም ነበር?

የጤና መኮንኑ

ለእናቲቱ፣ ጥያቄው የሚያስወቅስ አይደለም። ሲወለድ ክንዱ ላይ የተሰጠው የቢሲጂ ክትባት ሕፃናትን ከከባዶቹ የቲቢ ዓይነቶች፣ በተለይም የአንጎል ሽፋንን ከሚያጠቃውና በመላ ሰውነት ከሚሰራጨው በሚገባ ይከላከላል፤ የሳንባ ቲቢን ግን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም። ልጅዎ በበሽታው የሚያዘው በልብስዎ ወይም በእጅዎ በኩል ሊሆን አይችልም። ሊሆን የሚችለው እርስዎ ራስዎ በሳንባ ቲቢ ታምመው፣ ሳይታወቅ ቤት ውስጥ ሲያስሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ባልደረባዎ ታክሞ ሲመለስ ልብስዎን በር ላይ ከማውለቅ ይልቅ፣ በሽታው እንደተገኘበት በተሰማበት ሳምንት አንድ ጊዜ ተመርምረው ቢሆን ኖሮ ልጅዎንም ራስዎንም ይረዱ ነበር። አሁንም አልመሸም። በአንድ ቤት የሚኖሩ ሕፃናትን በተመለከተ እኛ ዘንድ የተለየ ጥንቃቄ አለ፤ የሳንባ ቲቢ ከተገኘበት ሰው ጋር የሚኖር ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ተመርምሮ በሽታው ከሌለበት የመከላከያ መድኃኒት ይጀመርለታል።

«የሚያስተምረን አልነበረም» ያሉት ልክ ነው። አንድ የጤና ጣቢያ ባለሙያ በሥራ ቦታ ተገኝቶ የሃያ ደቂቃ ማብራሪያ እንዲሰጥ ድርጅቱ በደብዳቤ ቢጠይቅ እምቢ የሚል ጤና ጣቢያ አላውቅም፤ የጠየቀ ድርጅት ግን በስድስት ዓመት ውስጥ ሁለት ብቻ ነው ያየሁት።

ሰው ሀብት

በሰው ሀብት አስተዳደር ለአሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። በቅድሚያ ሕጉን ላስቀምጥ፤ ብዙ ሠራተኛ መብቱን ሳያውቅ ዓመት ፈቃዱን በሕመም ይጨርሳል።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 85 እና 86 መሠረት፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ከሥራ ጋር ባልተያያዘ ሕመም ምክንያት መሥራት ካልቻለ፣ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ ቢወስደው በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው አንድ ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከደመወዙ 50 በመቶ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ጠያቂዋ ሁለት ወር ስለወሰዱ ሁለተኛው ወር በግማሽ ተከፍሏቸው መሆን አለበት፤ ከዚያ በታች ከሆነ ይጠይቁ። አክታቸው ዳግም ችግር ቢያሳይ እንኳ ገና አራት ወር ይቀራቸዋል። ግንበኛው ወንድማችን የጻፉት ግን ይህ ሁሉ አንቀጽ የማይደርስበት ሰው ብዙ መሆኑን ስለሚያሳይ አንገቴን አስደፍቶኛል።

አሁን ደግሞ ስለ ወረቀቱ። ፈቃድ የሚሰጠው ሠራተኛው መሥራት ባለመቻሉ በመሆኑ ለእኔ መዝገብ የሚያስፈልገኝ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚያርፍና መቼ ሊመለስ እንደሚችል ነው። እኔ ያየኋቸው የሕመም ፈቃድ ቅጾች ግን የበሽታው ስም የሚጻፍበት መስመር አላቸው፤ ሐኪሙም ይሞላዋል። ስለሆነም ወረቀቱን በፖስታ አሽጎ፣ በላዩ ላይ «በግል የሚከፈት» ብሎ ጽፎ፣ በእጅ ለሰው ሀብት ኃላፊ መስጠት ይገባል። በመዝገብ ቤት የሚያልፍ ወረቀት ቢያንስ በአራት ሰው እጅ ይነበባል፤ ይህን የምለው መዝገብ ቤት ሠርቼ ስለማውቅ ነው።

የራሴን ጥፋት ደግሞ ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት ከቲቢ የተመለሰ አንድ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበረን። ባልደረቦቹ ሲያጉረመርሙ፣ ሰላም ለማውረድ ብዬ፣ ለእርሱም አሳቢ የሆንኩ መስሎኝ፣ ብቻውን የሚሠራበት ክፍል ሰጠሁት። ክፍሉ የድሮ ዕቃ ማከማቻ ነበር፤ አምፖሉ ቀንም ይበራል፣ መስኮት የለውም። ሳንባው ገና እያገገመ ያለን ሰው አቧራ ውስጥ ቆልፌ ዕለት ዕለት በኮሪደሩ ሳልፍ ሰላም እለው ነበር። በአራተኛው ወር መልቀቂያ አስገባ። በመልቀቂያው ላይ ምክንያቱን «ለተሻለ ሥራ» ብሎ ጻፈ፤ እኔም ፈረምኩበት።

ጠያቂዋን የምመክረው፣ ተነሥተው በስብሰባ አይናገሩ። ከኃላፊዋ ጋር ብቻዎን ይቀመጡና ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ ወረቀትዎ ከተከፈተው ፋይል ወጥቶ እንዲታሸግ፣ እንዲሁም የጤና ባለሙያ ለሁሉም ሠራተኛ ማብራሪያ እንዲሰጥ። የእርስዎ ስም ሳይነሣ።

ከሜሪላንድ

በአሜሪካ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምሠራው። ይህ በሽታ የተገኘብኝ እዚህ ከመጣሁ በሦስተኛው ዓመት ነበር፤ ሐኪሟ ባክቴሪያው ከአገር ቤት ጀምሮ በሰውነቴ ውስጥ ተኝቶ ሊሆን እንደሚችል ነገረችኝ። የካውንቲው ጤና ቢሮ ነርስ መድኃኒቱን ቤቴ እያመጣች፣ በኋላም በስልኬ ቪዲዮ እያየችኝ ታውጠኝ ነበር። በተለያየ ጊዜ የሰጠሁት ሦስት አክታ ነፃ ሲሆን ለአሠሪዬ ደብዳቤ ጻፉ፤ በደብዳቤው ላይ ከዚህ ቀን ጀምሮ ሥራ መመለስ እንደምችል ብቻ እንጂ የበሽታው ስም አልነበረም። የሥራ ባልደረቦቼ ደም ሰጥተው እንዲመረመሩ ሲደረግም ስሜ አልተጠቀሰም። ያን ሰሞን የቀረሁት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ሁሉም ማንነቴን ገምተዋል፤ ሆኖም በመጀመሪያው ቀን አንዷ መጥታ አቅፋኝ «ፈረቃሽን ስሸፍን ወገቤ ተቆረጠ» ብላ ሳቀች፤ ነገሩ በዚያው አበቃ።

የከበደኝ የእኛው ወገን ነው። በየወሩ የጽዋ ማኅበር አለን። ተራዬ ሲደርስ «አንቺ ዕረፊ፣ ደክሞሻል» ተብሎ ወደ ቀጣይዋ አለፈ፤ በሚቀጥለው ዙርም እንዲሁ ሆነ። ጽዋው ሲዞር እኔ ጋ ደርሶ አያውቅም አልልም፤ ይደርሳል፣ ግን መጨረሻ ላይ። ሥራዬን የጀመርኩት በሦስተኛው ወር ነው፤ ማኅበሩን ግን በቤቴ ያወጣሁት ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ነው፤ ያውም ሰብሳቢያችን የነበሩት እማማ በሁሉም ፊት ከእኔ በኋላ ተቀብለው ስለጠጡልኝ። እርሳቸው ስለ ባክቴሪያ የሚያውቁት ነገር የለም።

ጠመኔ

መምህር ነኝ፤ አጭር ነገር ልጨምር። የእኔ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ነበር። ለዚህ ዓይነቱ ሕክምና በአገራችን የተጀመረው በ2001 ዓ.ም. በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ሲሆን፣ እኔ በታከምኩበት ጊዜ ገና ወራት የሚፈጅ ዕለታዊ መርፌ ነበረው። ሃያ ወር ወሰደብኝ። መርፌው ጆሮዬን ስለጎዳው አሁን ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ሲናገር አልሰማም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 መርፌ የሌለበትንና በስድስት ወር የሚያልቀውን ሕክምና መምከሩን ሳነብ ለሚመጡት ደስ አለኝ።

ወደ ክፍል ስመለስ ወላጆች ፈርተው ነበር። ርእሰ መምህሩ ከሆስፒታሉ የመጣውን የካልቸር ውጤት በወላጆች ስብሰባ ላይ ላንብበው ብለው ጠየቁኝ፤ እኔም ፈቀድኩ። ሰው ሀብት የተባሉት እህት «በስብሰባ አይናገሩ» ያሉት ለእኔ አልሠራልኝም፤ እኔን የጠቀመኝ መነበቡ ነው። ልዩነቱ ምናልባት የተነበበው በፈቃዴ መሆኑ ይሆናል።

ሒሳብ ክፍል (ጥያቄ አቅራቢ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ከጻፍኩ ሁለት ወር ስላለፈ የሆነውን ላሳውቅ።

የጤና መኮንኑ መስኮቱን የገመቱት ልክ ነበር። ከተመለስኩ ጀምሮ በአልኮል ወንበሬን የሚጠርጉ ሰዎች መስኮቱን ግን ለአንድ ደቂቃ አልከፈቱትም ነበር። ኅዳር መጨረሻ ላይ ቀድሜ ገብቼ ሁለቱንም መስታወት ከፈትኩ። ከመስኮቱ ሥር የምትቀመጠው ባልደረባዬ ስትገባ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ «ምነው፣ በብርድ ልትገድይን ነው?» አለችኝ። ከተመለስኩ በኋላ ቀጥታ ለእኔ የተናገረችው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ስለነበር መቆጣት አቃተኝ፤ ሳቅሁ። እርሷም ሳቀች። ከዚያ የሲኒውን ነጥብ እንዳየሁት ነገርኳት። ዝም አለች። ያደረገችው እርሷ ትሁን ሌላ ሰው አልነገረችኝም፤ እኔም አልገፋሁም።

ከሰው ሀብት ኃላፊዋ ጋር ተነጋገርኩ። ወረቀቴ ታሽጎ ተቀመጠ፤ ወሬው ከወጣ በኋላ ምን ይጠቅማል ብዬ ነበር፣ ነገር ግን ሲታሸግ ሳይ ትንሽ ቀለለኝ። ታኅሣሥ ውስጥ ከጤና ጣቢያ አንዲት ባለሙያ መጥታ ማብራሪያ ሰጠች። ስሜ እንዳይነሣ ተስማምተን ነበር፤ ሆኖም ባለሙያዋ «በክረምት ከሚያስል ሰው ጋር በተዘጋ ክፍል የተቀመጠ አለ?» ብላ ስትጠይቅ ክፍሉ ሁሉ ዝም ሲል ጨነቀኝ፤ እኔው እጄን አውጥቼ «የሚያስለው ሰው እኔ ነበርኩ» አልኩ። ካሰብኩበት የወጣ ነው፤ መምህሩ እንዳሉት በራሴ ፈቃድ ስለሆነ መሰለኝ፣ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ከክፍላችን ሁለቱ በዚያው ሳምንት ተመርምረው ደህና መሆናቸው ተነገራቸው። ሦስተኛው «እኔ አላሳለኝም» ብሎ ቀርቷል።

አሁን ያለንበት እንዲህ ነው። መስኮቱ እስከ ምሳ ሰዓት ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲበረታ ግማሹ ይዘጋል፤ በግማሹ ላይ አሁንም ክርክር አለ። ለገና ስድስት አዲስ ሲኒዎች ተገዝተው አሮጌዎቹ ለጥበቃዎቹ ተሰጡ፤ ባለነጥቧን ግን ለምኜ ወስጃት ጠረጴዛዬ ላይ የወረቀት መያዣ ቁልፎች አስቀምጥባታለሁ። ምሳ ከተመለስን ሦስት ሳምንት ሆነን፤ ትሪው አንድ ነው፣ እኔ የምቆርሰው ግን አሁንም ከራሴ ጠርዝ ብቻ ነው፤ ይህን ያደረገብኝ ማንም ሰው የለም፣ እጄ ራሱ ነው የሚመለሰው። ጉርሻ ገና አልመጣም።

የአምስተኛው ወር አክታ የምሰጠው የካቲት አጋማሽ ላይ ነው። ባለሙያዋ ጠዋት፣ ምንም ሳልበላ፣ ከመኝታዬ እንደተነሣሁ የሚወጣውን እንዳመጣ አዛኛለች፤ አሁን ግን ሳል ስለሌለኝ አክታ ማውጣት ራሱ ከባድ ሆኖብኛል። በዚህ ረገድ የምትሰጡኝ ምክር ካለ ደስ ይለኛል።